የጋሼ ስዩም አራት ማንኪያ

ሣህሊቱ የሰው ስም ትረሳለች፤ የሻዩን ልክ ግን አትረሳም። ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ላይ በምትሠራበት ምግብ ቤት የሚገባውን ደንበኛ ሁሉ የምታውቀው በማንኪያ ነው። ታክሲ ነጂው ይልቃል ሁለት፣ ከካልቨር ሲቲ የሚመጡት ባልና ሚስት አንድ ተኩል አንድ ተኩል፣ ጋሼ ስዩም አራት። ስኳር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «እንዳሻችሁ» ማለት የእሷ ወግ አይደለም። ስኳሩን ብርጭቆው ውስጥ ትጨምራለች፣ ሻዩን ትቀዳበታለች፣ አማስላ ታቀርባለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የሠራችው። በእነዚያ ዓመታት ጋሼ ስዩም በገዛ እጃቸው ስኳር ሲጨምሩ ያየ ሰው የለም። ይህን ልብ በሉልኝ፣ መዘዙ የመጣው ከዚህ ነው።

ጋሼ ስዩም ያን ጊዜ ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነበር። ሆሊውድ ፓርኪንግ ይሠራሉ፣ ዌስት አዳምስ ብቻቸውን ይኖራሉ። ኢንሹራንስ የላቸውም፤ ሐኪም ቤት የሚባል ነገርም አይወዱም። የሣህሊቱ ባል የሞተ ጊዜ ለቅሶውን ከፊት ሆነው የያዙላት፣ እስከ አርባው ድረስ ከቤቷ ያልጠፉት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ሣህሊቱ እሳቸው ፊት ቀና ብላ አትናገርም። ውለታቸውን የምትመልስበት ሌላ መንገድ ስለሌላት ሻያቸውን ታጣፍጣለች።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት፣ ሁዳዴ በገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ ዓይናለም የምትባል ወጣት ምግብ ቤቱ መጣች። እዚሁ ያደገች፣ ለአንድ የዩኒቨርሲቲ ጥናት የምትሠራ ልጅ ናት።

«ሶ፣ ጥናቱ ስለ አመጋገብ ነው» አለቻት። «ሰዉ ምን ያህል ጣፋጭ ይወስዳል፣ ጤናውስ እንዴት ነው፣ እሱን ነው የምናየው። ለፈረንጅ አይናገሩም፤ ለአንቺ ግን ይናገራሉ። ትሬን እናደርግሻለን፣ ኦኬ?»

ሣህሊቱ ደስ አላት። ከአሥረኛ ክፍል ወዲህ ብዕር ይዞ መቀመጥ ቀርቶባት ነበር። ሁለት ቅዳሜ ሠለጠነች፤ ደብተርም ገዛች። ሁለት ነገር አጥብቀው ነገሯት። አንደኛው፣ ሰውየው ያለውን እንዳለ ጻፊ፣ ከራስሽ አትጨምሪ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ስኳር የሚያበዛ ሰው ከተገኘ ስሙ ለብቻ ተይዞ ደሙ በነፃ ይመረመራል፣ ሐኪምም ያየዋል የሚል ነው።

«ወረቀቱ ላይ ከሌለ ግን አናገኘውም» አለቻት ዓይናለም።

ይህን ስትሰማ ሣህሊቱ ፊት ድቅን ያሉት ጋሼ ስዩም ናቸው። ከገና ወዲህ ውሃ ጥም አላስቀምጥ ብሏቸዋል። ሻያቸውን ሳይጨርሱ ሁለቴ ወደ ሽንት ቤት ይነሳሉ። ቀበቷቸውንም በምስማር ሁለት ቦታ በስተውታል። ሲጠየቁ «ጾሙ ነው» ይላሉ። ሣህሊቱ ይህን ሁሉ አይታ ዝም ብላ ነበር። አሁን ግን መላ ተገኘ አለች በልቧ። ወረቀቱ ያድናቸዋል፣ እኔ አፍ አውጥቼ መናገር አይጠበቅብኝም ብላ ተጽናናች።

ስህተቷ መጠይቁን እዚያው ምግብ ቤት ማድረጓ ነው። ጾም በሚፈታበት ሰዓት ጋሼ ስዩም ከይልቃልና ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ተቀምጠው ሳለ ወረቀቷን ይዛ መጣች። ሥዕል ያለበት ካርድ ዘረጋችላቸው።

«ጋሼ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ ዶናት ይበላሉ?»

ይልቃል በሳቅ ፈረሰ። «ኧረ ሣህሊቱ፣ ለጋሼ ደግሞ ዶናት? በሁዳዴ? ቁርጥስ ስንት ኪሎ በሉ አትያቸውም?»

«ዜሮ በይ» አሉ ጋሼ ስዩም ፈገግ ብለው። አይስክሬም ዜሮ። ከረሜላ ዜሮ። እስከዚህ እውነት ነው፤ ዶናት የሚባለውን ነገር በአፋቸው አዙረው አያውቁም።

«በሻይ ወይም በቡና፣ በቀን ስንት ማንኪያ ስኳር ይወስዳሉ?»

ጋሼ ስዩም ዙሪያቸውን አዩ። «ልጄ፣ እኔ ከስኳር ጋር ምን አለኝ? ጾመኛ ሰው ነኝ። እሱንም ዜሮ በይው።»

ይህን ሲሉ እጃቸው ብርጭቆው ላይ ነበር። ሁለተኛው ብርጭቆ ነው፣ እሷው ራሷ አራት ማንኪያ ጨምራ ያማሰለችው።

«አራት ነው ጋሼ፣ የምጨምረው እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ግን ይልቃል አፏን ያያል፣ ሌሎቹም ያያሉ። ባሏን ያስቀበሩላትን ሰው፣ በጾማቸው በሚመኩበት ሰዓት፣ በጓደኞቻቸው ፊት ዋሽተዋል ልትላቸው ነው? ደግሞስ ሥልጠናው «ያለውን ጻፊ» አይደል የሚለው? ይህቺ ሰበብ እንዴት እንደተመቸቻት! ብዕሩ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ዜሮ ጻፈች።

በኋላ ለብቻቸው እነግራቸዋለሁ አለች። ነገ አለች፣ ከነገ ወዲያ አለች። ፋሲካ ደረሰ፣ ዓይናለም መጥታ ወረቀቶቹን ሰብስባ ሄደች። ሣህሊቱ በሦስት ሳምንት ውስጥ አርባ ሁለት ሰው ጠይቃ ነበር። ከአርባ ሁለቱ ስንቱ ዜሮ እንዳለና ለስንቱ ዜሮ ባይ በየቀኑ ስንት ማንኪያ እንደምትጨምር ልቧ ያውቃል።

በጥቅምት ጋሼ ስዩም ማነከስ ጀመሩ። «አዲስ ጫማ ነው» አሉ። ጫማው አዲስ አልነበረም። የእግራቸው አውራ ጣት ሥር የወጣው ቁስል ቀኑን ሙሉ ቆመው እየዋሉበት፣ ሕመሙ እምብዛም ስለማይሰማቸው፣ እየጠቆረ ሄዶ ነበር። በታኅሣሥ አንድ ቀን ፓርኪንጉ ውስጥ ወደቁ። ከሁለት ቀን በኋላ ወሬው ደርሶ ይልቃል ሣህሊቱን ድራይቭ አድርጎ ሐኪም ቤት ሲያደርሳት ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆርጧል። ስኳሩ ለዓመታት ውስጣቸው እንደቆየ፣ ባለፈው ሚያዝያ ቢደረስበት ምናልባት እግሩ ይተርፍ እንደነበር ሐኪሙ ተናገረ። ሣህሊቱ ሚያዝያ የሚለውን ቃል ስትሰማ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። በማግሥቱ ጠያቂው ጎረፈ፤ ግማሹ ኬክ፣ ግማሹ ማንጎ ጁስ ይዞ ነው የመጣው።

ጥናቱ አልቆ ውጤቱ የተነገረው በቀጣዩ ዓመት፣ እንቁጣጣሽ ባለፈ በሳምንቱ ነው። ዓይናለም አዳራሽ ውስጥ ቆማ በአማርኛ የታተመውን ወረቀት አነበበች። በጥናቱ የተካፈሉ የማኅበረሰቡ አረጋውያን የሚወስዱት ስኳር እጅግ ጥቂት ነው፣ የጾም ልማዳቸውም ለዚህ ሳይረዳቸው አይቀርም ይላል። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። አንድ ሽማግሌ ተነስተው መረቁ። ሣህሊቱ እጇን ከጭኗ ላይ አላነሳችም። እንደዚያ ቀን ራሷን ጠልታ አታውቅም።

በማግሥቱ ጋሼ ስዩም በክራንቻ መጡ። ምግብ ቤቱ ባዶ ነበር። የተለመደው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

«አነበብሽው? ጤነኞች ነን ይላል» አሉና ያለ ደስታ ሳቁ።

ሣህሊቱ ከዚህ በላይ መሸከም አልቻለችም። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ» አለች። «አራት ማንኪያ ነበር። እያወቅሁ ዜሮ ጻፍኩ። አራት ብል ኖሮ ያዩዎት ነበር፣ እግርዎ...»

ጋሼ ስዩም ወረቀቱን ቀስ አድርገው አጠፉት።

«አይቼሻለሁ» አሉ። «ብዕርሽ ሲቆም አየሁ። ምላሴ መቼ ሞተ ልጄ፣ የምጠጣውን አውቃለሁ። ይልቃል ፊት ታጋልጠኛለች ብዬ ላብ አጠመቀኝ። አንቺ ግን ሸፈንሽኝ። ስንት ጊዜ ላመሰግንሽ አስቤ አፈርኩ። ያን ቀን እንዳከበርሽኝ እግዜር ያክብርሽ።»

«ይስደቡኝ ጋሼ» አለች ሣህሊቱ። «እባክዎ ይስደቡኝ።»

«ምን አድርገሽኝ?» አሉ። ከልባቸው ነበር። «ይልቅ ሻይ አምጪልኝ።»

ወደ ጓዳ ገባች። ብርጭቆውን አነሳች፤ እጇ እንደ ልማዱ ወደ ስኳሩ ሄደ፣ መለሰችው። ባዶውን ቀድታ አቀረበችላቸው። ጋሼ ስዩም አንዴ ቀመሱና ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ማንኪያ ጠየቋት፤ ምንም የሌለበትን ሻይ ብዙ ጊዜ አማሰሉትና እስኪያልቅ ጠጡት።