ከባሕር ዳር እስከ ገሳይ፦ ዋሽንት፣ ቼሎና አሥራ ሁለት ቁጥር ዝምታ

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከባሕር ዳር መናኸሪያ ስንነሳ ሦስት ሰውና አንድ ቼሎ ነበርን። ቼሎ ለማታውቁ፣ ቫዮሊንን በሬ እስኪያክል ቀልቡት፤ ያ ነው። ተቀምጠው በጉልበት መሀል ይዘው ነው የሚጫወቱት።

የምንሄደው ትርንጎ የጻፈችውን ሙዚቃ አዲስ አበባ ከመጫወታችን በፊት ጉና ተራራ ሥር፣ ገሳይ ላለ ሰው ልናሰማ ነው። ትርንጎ የደብረ ታቦር ልጅ ናት፣ አዲስ አበባ ሙዚቃ ተምራ ቫዮሊን ትጫወታለች። ሙዚቃውን ያወጣችው ከአንድ ቀጭን ልብ ወለድ ነው። አንድ ሰው የጠፋ ወንድሙን ፍለጋ ጉና ላይ ይወጣል፣ ጉም ውስጥ ቆሞ ሦስት ጊዜ ይጣራል፣ ማንም አይመልስለትም። አለቀ! እኔ አንብቤ ስጨርስ ተናድጄ መጽሐፉን ግድግዳ ላይ ወርውሬዋለሁ።

እኔ ዋሽንት ነፊ ነኝ። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ከሒሳብ አስተማሪው ጋር ተጣልቼ ወጣሁ፣ ኖታም አላነብም። ቼሎ የሚጫወተው ኪሩቤል ደግሞ ኖታ የማያነብ ሰው ጫማ ማሰርም የሚችል አይመስለውም።

ገና ሳንነሳ ረዳቱ ቼሎውን በጣቱ ጠቆመና፣

«ይሄ እንደ ሰው ይከፍላል» አለ።

«ለምን ሲባል?»

«ወንበር ይዟላ!»

«እንግዲያው መታወቂያውን ጠይቀው!» አልኩት። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። መክፈሉን ግን ከፈልን።

ሐሙሲት ላይ ጄሪካን የያዙ ሰዎች ዋንዛዬ ፍልውሃ ሊሄዱ ወረዱ። አንዲት እናት ኪሩቤልን ከነሳጥኑ አዩትና፣ «ልጄ፣ ይሄን እየተሸከምክ ወገብህ አይተርፍም፤ አብረን እንውረድ፣ ውሃው ለወገብ ነው» አሉት። ኪሩቤል ቀላ። እኔ እስከ ወረታ ሳቅኩበት።

ከወረታ ወዲያ የፎገራ ሜዳ ያልቅና መንገዱ ሽቅብ ይጠማዘዛል። አለም በርን ስናልፍ መስኮት ዘጋን፣ ደብረ ታቦር ስንደርስ ጃኬት ለበስን። ባጃጅ ይዘን አልጋ ቤት ገባን፣ ከሰዓት ልምምድ ጀመርን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቫዮሊኑ ሦስት ጊዜ ይጣራል። ከሦስተኛው ጥሪ በኋላ ሁላችንም ዝም እንላለን፣ አሥራ ሁለት እስኪቆጠር። ከዚያ እኔ ብቻዬን እገባለሁ፣ እነሱ ይከተሉኛል። አንዴ አሥር ላይ ገባሁ። አንዴ አሥራ አራት ላይ። ሦስተኛው ላይ የት እንደነበርኩ እግዜር ይወቀው።

ኪሩቤል ቀስቱን አስቀመጠ። «ይሄ ልጅ መቁጠር አይችልም። አዲስ አበባ ኖታ የሚያነብ ፍሉት ነፊ አለ፣ ልጥራው።»

«ፍሉት ነፊህ ጉናን በካርታ ነው የሚያውቃት!»

ትርንጎ መሀላችን ገባች። «ነገ ገሳይ ላይ በትክክል ከገባህ አዲስ አበባ አብረኸን ትጫወታለህ። ካልገባህ ግን፣ ወንድምዓለም፣ ኪሩቤል ልክ ነው።»

እየቆጠርኩ ተኛሁ፤ እየቆጠርኩ ተነሳሁ።

እሁድ ጠዋት ገሳይ። ጉና በስተቀኝ ተዘርግታለች፤ ከታች የታጨደ ገብስ፣ ከላይ ጉም። ነፋሱ ደግሞ ጆሮ ይቆርጣል። ከሪያድ ተመልሳ ሻይ ቤት የከፈተች እታገኝ የምትባል ልጅ ትኩስ ቅቅል ድንች ባዋዜ አቀረበችልን። ያን የመሰለ ድንች በልቼ አላውቅም።

«ዘፈናችሁ ግጥም አለው?» አለችን።

«የለውም።»

«ታዲያ ማን ምን እንዳለ በምን እንወቅ?»

ትርንጎ አሰበችበት። ስለዚህ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ፣ ዴስክ ያወጣንለት የትምህርት ቤት ክፍል ጢም ብሎ ሲሞላ፣ መጀመሪያ ቆማ ተናገረች። «ሰውየው ጉም ውስጥ ወንድሙን ይጣራል። ቫዮሊኑ እሱ ነው።» ይሄን ብቻ።

ቼሎው ጀመረ። ከኋላ አንዱ «ውይ፣ እንደ ኮርማ ያገሳል!» አለ፣ ሳቁ። ከዚያ ግን ጸጥ አሉ፤ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ፊት ዘመሙ። ቫዮሊኑ ተጣራ። ደገመ። ሠለሰ። ዝም።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት...

«ኦሆይ! እዚህ ነን! ድምፅ ተከትለህ ና!»

አንድ ሽማግሌ ናቸው፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው። አንዲት ሴት ተቀበለቻቸው፣ «ወዲህ ነው! ገደሉን በግራ ተወው!» ከዚያ ቤቱ በሙሉ ተነሳ። ቁጥሬ ጠፋ። ኪሩቤል ወረቀቱ ላይ አፍጥጧል፣ ወረቀቱ ይሄን አያውቅም። ትርንጎ አመድ መስላለች። አዲስ አበባ ስትሄድብኝ በዓይኔ አየኋት፣ ደሜ ፈላ። ገደል ይግባ ቁጥሩ! አልኩ።

መቁጠሬን ትቼ ሳዳምጥ ሰዎቹ ጮኸው ጮኸው ባንዴ ጸጥ አሉ። አንገታቸውን አስግገው ይጠብቃሉ። የጠፋው ወንድም ድምፅ እስኪሰጥ! የሚጠብቁት እኔን ነዋ!

ነፋሁ። እልልታው ቤቱን ሊነቅለው ደረሰ። ትርንጎ ከኋላዬ ገባች፣ ኪሩቤልም ወረቀቱን ትቶ እኔን እያየ ተከተለ፣ እስከ መጨረሻው ሄድን።

ሲያልቅ ሽማግሌው፣ አያ ደሴ ይባላሉ፣ ወደኛ መጡ። «ተገኘ አይደል ልጁ?»

ትርንጎ፣ «አያ፣ መጽሐፉ ላይ እኮ ማንም አይመልስለትም» አለቻቸው።

«የት አገር?»

«እዚሁ፣ ጉና።»

«ውሸት!» አሉ ተቆጥተው። «እዚህ ጉም ሲወርድ የተጣራን ሰምቶ ዝም የሚል የለም። ጠላትህም ቢሆን መልሰህ መንገድ ታስይዘዋለህ፣ ጠቡ ሜዳ ላይ ይደርሳል። የጻፈው ሰው ጉም ውስጥ ገብቶ አያውቅም፣ ልጄ።»

ለካ የተናደድኩት እኔ ብቻ አይደለሁም! ትርንጎ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ኪሩቤል ጠጋ ብሎ፣ «ስንት ላይ ነው የገባኸው?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሲጠብቁኝ ገባሁ።»

ማንንም የማያስነካውን ቼሎ፣ «በል ያዝልኝ» ብሎ አሸከመኝ። ይቅርታው መሆኑ ነው፤ ከብዶኝም ተቀበልኩት።

ሰኞ ማታ ባሕር ዳር ገባን። በወር ውስጥ አዲስ አበባ እንጫወታለን፣ ሦስታችን። ጉዞው ምን አስተማረህ ካላችሁኝ፣ ዝም ያለ ሰው ሁሉ የተወኝ እንዳልሆነ፣ የጮኸብኝም ሁሉ ጠላቴ እንዳልሆነ ነው። ይሄን ለማወቅ ዕድሜዬን ሙሉ ስጣላ ኖሬ፣ ገሳይ ድረስ መሄድ ነበረብኝ።

ትርንጎ አሥራ ሁለቱን ቁጥር አልሰረዘችም። እርሳስ አወጣችና ከሥሩ «ሰው ከመለሰ፣ ጨርሶ እስኪጠብቃችሁ ቆዩ» ብላ ጻፈችበት። ከዚያ ሁሉ ኖታ እኔ ማንበብ የምችለው ያቺን መስመር ብቻ ነው፤ እሷንም ባማርኛ ስለተጻፈች።