የእህቴ አጋም

ቢቸና ከምኖርበት ግቢ አጠገብ፣ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ የጤና መኮንን ጃስሚን ተክሏል። አመሻሹ ላይ ሽታው አጥሩን ተሻግሮ ሲመጣ ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል፤ እኔን ግን ንድድ ያደርገኛል። ሽታው ቁርጥ የአጋም አበባ ነው።

ከሞጣ ወጣ ብሎ ባለው ሰፈራችን ቤተ ክርስቲያኑን ዙሪያውን አጋም ከቦት ነበር። ሚያዝያ ላይ ነጭ በነጭ ሆኖ ሲያብብ የንቡ ድምፅ ከቅዳሴው ጋር ይሰማል። ታናሽ እህቴ ክርስትና ሳትነሣ ስለሞተች ቅጥር ግቢው ውስጥ አልተቀበረችም፤ ወጉ እንደዚያ ነበር። አባቴ በምሥራቅ በኩል ካለው አጋም ሥር ቆፍሮ፣ እሾሁ ከጅብ ይጠብቃታል ብሎ እዚያ አኖራት። ድንጋይ አልተተከለላትም። ምልክቷ ያ አጋም ብቻ ነበር።

ፍሬው ሲጠቁር ከሌላው ሁሉ እየለቀምን ከንፈራችን እስኪጠቁር እንበላለን። ወደዚያኛው እጃችንን ስንሰድ ግን እናቴ "ተዉ! የእሷ ድርሻ ነው" ትለናለች። እሑድ ከቅዳሴ ስትወጣ ነጠላዋን ከእሾሁ እየሰበሰበች፣ ጎንበስ ብላ ግንዱን ትስማለች።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ አጋሙ ተመንጥሮ የብሎኬት ግንብ ይሠራ ተባለ። ስንት ዘመን የቤተ ክርስቲያኑን ደን ከከብትና ከመጥረቢያ የጠበቀውን አጋም እኮ ነው! እናቴ የአጥር ኮሚቴውን ሰብሳቢ ለመነችው።

"እትዬ፣ ለቁጥቋጦ ነው እንዴ የሚያለቅሱት?" አላት እየሳቀ። ያ ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

"ልጄን መልሱልኝ አላልኩም ጌታዬ። እሾሁን ተዉልኝ ነው ያልኩት።"

"እሺ፣ እናየዋለን" አለ። ያየው በዶማ ነው። ገበያ ውለን ስንመለስ አጋሙ ሁሉ ሥሩ ወደ ላይ ሆኖ ተከምሯል፤ አበባው ገና አልጠወለገም፣ ነጭ ወተቱ ከቁርጡ ላይ ይንጠባጠባል። ማንም ይቅርታ አላላትም። እንዲያውም ግንቡ ሲመረቅ ተጨበጨበ፤ ያው ሰብሳቢ ዛሬ በየስብሰባው ስለ አገር በቀል ተክል ያወራል አሉ።

እናቴ አርጅታለች። አሁንም እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስትወጣ በውጭ በኩል ወደ ምሥራቁ ግንብ ትሄዳለች። ልጇ ከየትኛው ብሎኬት ሥር እንደሆነች ስለማታውቅ ከጥግ እስከ ጥግ ሁሉንም ትስማለች። ባለፈው ሄጄ ክንዷን ይዤ አብሬያት ሄድኩ። ስትጨርስ ከንፈሯን በነጠላዋ ጫፍ ጠረግሁላት፤ የሲሚንቶ ትቢያ ነበረበት።