ሽጉጥ በዘንቢል

ሹም አቦ ሰፈር፣ መሣሪያ ከሚመዘገብበት ቢሮ ደጅ ወረፋ ስጠብቅ፣ ጥቁር የለበሱ እናት አጠገቤ ተቀመጡ። ዘንቢላቸውን እንደ ሕፃን አቅፈውታል።

«የሚሸጠው እዚህ ነው?» አሉኝ።

«ምኑ?» አልኋቸው።

«የባለቤቴ ሽጉጥ። ጎረቤታችን እጅ በእጅ እንጨርስ ብለውኝ ነበር፤ በሕግ ይሁን ብዬ መጣሁ።» «ወይስ እዚህ ለመንግሥት የሚመለስበት ነው?» ሲሉ ደግመው ጠየቁኝ።

ተራቸው ሲደርስ ብቻቸውን መግባት ስለፈሩ አብሬያቸው ገባሁ። ሠራተኛው ሽጉጡን ከተጠቀለለበት ሻሽ ፈትቶ ጥይቱን አወጣ።

«እማማ፣ ፈቃድ ለሌለው ሰው መሸጥ አይቻልም» አላቸው በትሕትና። «ግን ለአቅመ አዳም የደረሰ ልጅ ካለዎት፣ እሱ ፈቃድ ጠይቆ በስሙ ማዛወር ይችላል።»

«በልጄ ስም?» አሉት። «እሱን ሸሽቼ አይደል የመጣሁት! አባቱ ከሞቱ ወዲህ ከሰው አይነጋገርም። ትናንት ከገበያ ስመለስ ቁም ሣጥኑን ሲበረብር አገኘሁት። ሽጉጡን ለምን እንደፈለገው እኔ እንጃ።»

ሠራተኛው ሽጉጡን ብረት ሣጥን ውስጥ ቆልፎ፣ «እኛ ዘንድ ይቆይ» አላቸው።

ከቢሮው ወጥተን ወደ ዓባይ ማዶ፣ ወደ ሰፈራቸው የሚሄድ ባጃጅ አስቆምሁላቸው። እግራቸውን አንሥተው መልሰው አወረዱት።

«ልጄ ሽጉጡን የት አደረስሽው ቢለኝ ምን እለዋለሁ?» አሉኝ።