ሽማግሌዎቹ መልስ ይዘው የመጡ ዕለት

በቀደም መሳቢያ ሳጸዳ ክዳኑ የላላ ቀይ ማርከር አገኘሁ። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ያ ራስ የሚያዞር ሽታው አሁንም አለ። አንተ ደግሞ፣ ታናሽ ወዳጄ፣ በዚያው ሰሞን ደውለህ «የከተማ መጓጓዣ ዕቅድ ልማር አስቤያለሁ፤ አንተ ለምን ተውኸው?» አልኸኝ። «አሰልቺ ነው» ብዬ መለስሁልህ። ዋሸሁህ። እንደዚያ የወደድሁት ሥራ የለኝም።

ያኔ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርሁ፤ በአንድ የዕቅድ ቢሮ በሳምንት ሦስት ቀን እሠራ ነበር። ሥራዬ እስራኤል አገር በአሽቀሎን ከተማ አውቶቡሶች ውስጥ ተቀምጬ ማን የት እንደተሳፈረ፣ የት እንደወረደ መመዝገብ ነው። ማለዳ በሩ በተከፈተ ቁጥር ከባሕሩ በኩል ጨውና የናፍጣ ሽታ ይገባል፤ ፀሐይዋ በመስኮቱ ዘልቃ ወረቀቴ ላይ ታርፋለች፤ እኔም ከተማዋን በእጄ የያዝሁ ይመስለኝ ነበር። የሃያ አምስት ዓመት ሰው ካርታ ከሰጡት ወዲያው ጄኔራል ይሆናል።

የሰፈራችን አውቶቡስ በዚያ ዘመን ወደ ውስጥ ታጥፎ በጠባቡ መንገድ፣ በአሮጊቶችና በሽማግሌዎች በራፍ ያልፍ ነበር። ቢሮው መታጠፊያውን ቆርጦ ከደረጃው በላይ ባለው በዋናው ጎዳና ቀጥ ብሎ እንዲሄድ አቀደ። ዕቅዱ የሞኝ አልነበረም፤ ከከተማዋ ማዶ አፍሪዳር ሰፈር ለሚሠራ ሰው ብዙ ደቂቃ ያተርፋል። ሕጉ ግን ነዋሪው ይጠየቅ ይላል። ስለዚህ አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አለቃዬና እኔ የሰፈሩ ማትናስ፣ የነዋሪው መሰብሰቢያ ማእከል፣ አዳራሽ ገባን፤ እሷ በዕብራይስጥ ልታስረዳ፣ እኔ በአማርኛ ልተርጉም።

ግድግዳው ላይ በለጠፈችው ካርታ አዲሱን መስመር በቀይ ማርከር ጭርር አድርጋ ሳበችው። ባርኔጣ ያደረጉ፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌዎች ከፊት ተደርድረዋል። ከኋላ አንዲት እናት «ልጄ፣ ይቺ ቀይዋ መንገድ ደረጃውንም ትወጣልናለች?» ሲሉ ሴቶቹ ሳቁ። ያንን አልተረጎምሁትም።

አለቃዬ «የሚቃወም አለ?» ብላ ጠየቀች። በዕድሜ የሁሉ ታላቅ የሆኑት ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ደክማችሁ መጥታችሁልናል፤ እግዚአብሔር ያክብራችሁ። ሰምተናል» አሉና ተቀመጡ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ማስኪሚም?» አለችኝ አለቃዬ፣ ይስማማሉ ወይ ማለቷ ነው።

እኔ በዚያ ሰፈር ነው ያደግሁት። በእኛ ቤት እንግዳ ፊት እምቢ አይባልም። እንግዳ ይሰማል፣ ይመረቃል፣ ይሸኛል፤ ከዚያ ይመከርና በሌላ ቀን መልሱ በሽማግሌ ይላካል። አጎቴ ለጋብቻ ጠይቆ የተከለከለው እንዲሁ ነው፤ ዕለቱን በምርቃት ሸኝተውት፣ በሳምንቱ እምቢታው ቤቱ ድረስ መጣለት። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አለቃዬ ሰዓቷን አየች።

«ኬን፣ ማስኪሚም» አልኋት። አዎ፣ ይስማማሉ።

መኪና ውስጥ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ ስለ ቋሚ ቅጥር አነሳችልኝ።

ዓርብ ጧት ሦስት ሽማግሌዎች ሙሉ ልብስ ላይ ነጭ ነጠላ ደርበው ቤታችን መጡ። እናቴ በመስኮት አይታ ለእኅቴ የመጡ መሰላት። «አንቺ፣ ሱሪሽን ቀይሪ! ሰው ሊጠይቅሽ መጣ!» ብላ ተንደረደረች። እኅቴ ከክፍሏ «ኢማ፣ ዳይ!» ብላ ጮኸች፤ እማዬ፣ በቃ ማለቷ ነው።

ስንት ጊዜ ተለምነው ከተቀመጡ በኋላ ታላቁ ሽማግሌ «ለአውቶቡሱ ነው የመጣን» አሉ። የእናቴ ፊት እንዴት ቅጭም እንዳለ ዛሬም ያስቀኛል። ከዚያ በኋላ የተባለው ግን አያስቅም።

«በዚያን ዕለት እንግዳይቱን ማሳፈር ነውር ሆነብን። ኋላ ተመካከርን። መልሳችን አውቶቡሱ ከበራፋችን አይነሳ ነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ባለቤቴ አፍሪዳር አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ናት። ከእኔ እጅ ካልሆነ አትጎርስም። ጧት ጧት ለቁርሷ እደርሳለሁ። እስከ ጎዳናው ያለውን ደረጃ ይህ ጉልበቴ አይችለውም። ንገርልን፤ አንተ የኛው ነህ።»

«እነግራለሁ፣ አባባ» አልኋቸው።

የተቃውሞ ማስገቢያው ጊዜ ገና አላለፈም ነበር። እሑድ፣ የሳምንቱ ሥራ ሲጀመር፣ ቢሮ ገብቼ የተቃውሞ ቅጹን ጠረጴዛዬ ላይ አኖርሁት። መጻፍ ያለብኝ ሁለት መስመር ነው፤ ግን ከሁለቱ መስመር በፊት «ረቡዕ የነገርሁሽ ልክ አልነበረም» ማለት አለብኝ። አለቃዬ በስልክ ለአንድ ሰው ስለ እኔ ጎበዝነት ስታወራ በበሩ ስንጥቅ ይሰማኛል። እስከ ምሳ ተቀመጥሁ። ከምሳ በኋላ ቅጹን መሳቢያ ውስጥ ከተትሁት።

ይህን የነገርኋቸው ጥቂት ወዳጆቼ ወዲያው ጥፋቱን ለቢሮው፣ ለመንግሥት፣ ለቆዳ ቀለም ያከፋፍሉታል። ሌላ ጊዜ እኔም አብሬያቸው እጮህ ነበር። በዚህ ነገር ግን ጠይቀውናል፤ መልሱን የቀበረው የሰፈሩ ልጅ ነው።

መስመሩ ተቀየረ፣ እኔም ተቀጠርሁ። በበጋው አዲሱን ጉዞ እንድመዘግብ ተላክሁ። አውቶቡሱ በእርግጥ ፈጥኗል። ጎዳናው ላይ ካለው ማቆሚያ ስንደርስ ታላቁን ሽማግሌ በመስኮቱ አየኋቸው፤ ደረጃው መካከል ቁጭ ብለው፣ የአጥሚት ቴርሞሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ትንፋሽ ይሰበስባሉ። እጃቸውን አነሡ። ሹፌሩ አላያቸውም። እኔ አይቻለሁ። በዕብራይስጥ «ረጋ!»፣ አንዴ ቆይ፣ ብዬ አንድ ቃል ብጮኽ ይጠብቅ ነበር። በሩ ተዘጋ። ወረቀቴ ላይ፣ ከማቆሚያው ስም ጎን፣ የተሳፈረ፦ ዜሮ ብዬ ጻፍሁ።

ወዲያው ሥራዬን ለቀቅሁ ብልህ ደስ ባለኝ። ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ደመወዙም ጥሩ ነበር።

ሽማግሌው መጀመሪያ ቀን እየዘለሉ፣ ኋላም በሳምንት አንዴ፣ ሰው በመኪና ሲወስዳቸው ብቻ መሄድ ጀመሩ። ባለቤታቸው በክረምቱ ዐረፉ። ለቅሶ የሄድሁት ከሥራ መልስ ነበር፤ ውጭ ዝናብ አለ፣ ክፍሉ እርጥብ ካፖርት ይሸታል። ከሰው ጀርባ ልቀመጥ ስል አዩኝና በእጃቸው ጠሩኝ። አጠገባቸው አስቀምጠው እጄን ያዙ።

«አንተማ ነግረህልን ነበር፤ አልሰሙህም እንጂ። ስለለፋህልን እግዚአብሔር ይስጥልን» አሉኝ።

እንዳልነገርሁ ልነግራቸው አፌን ከፈትሁ። እሳቸው ግን ወደ ልጃቸው ዞረው ነበር፤ «ለዚህ ልጅ ምግብ አቅርቢለት፤ ከሥራ ነው የመጣ» አሏት።

አቀረበችልኝ። በላሁ።