ሯጩ ያመጣው መርዶ

ዕድሜዬ ገፍቷልና ሰዓቱን ወይም የሰውየውን ካናቴራ ቀለም ልሳሳት እችላለሁ፤ ቀኑ ግን ሐሙስ ነው። ታናሽ ወንድሜ ከተራራው ማዶ አሪቻ ታሞ ከተኛ ሦስት ወሩ ነበር። ጠዋት አጥሬን ስጠግን አንድ ጎልማሳ ከዚያ ተራራ ቁልቁል እየሮጠ መጣ። በእኛ ገጠር በጠዋት ብቻውን የሚሮጥ ሰው መርዶ ነጋሪ ነው።

«ልጄ፣ ማን ሞተ?» አልኩት።

ጆሮው ላይ የሙዚቃ ማዳመጫ ሰክቷል። እጁን አውለበለበልኝና አለፈ፤ ታች ወንዙ ዘንድ ደርሶ ተመልሶ ሽቅብ ሮጠ። ከዲላ የመጣ ስፖርተኛ መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ግን ለእኔ መንገሩ ከብዶት ነው አልኩ። ጃንጥላዬንና መታወቂያዬን ይዤ ወጣሁ።

«ጋሼ፣ ወዴት ነው?» አለችኝ ጎረቤቴ።

«ለቅሶ።»

«የማን?»

«እዚያ ስደርስ አጣራለሁ።»

ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተከተለችኝ።

ሁለት ሰዓት ያህል ወጥተን ወርደን ስንደርስ ግቢው ጭር ብሏል፤ ድንኳን አልተተከለም። የወንድሜ ሚስት እኔን ስታይ ጮኸች።

«ወንድሜስ?» አልኳት።

«ጋሼ፣ አልሞቱም እንዴ? ወንድምዎ አንድ ሯጭ ከእናንተ በኩል ሲመጣ በመስኮት አይቶ ‹ወንድሜን!› ብሎ ከአልጋው ዘሎ ተነሳ። በታችኛው መንገድ እርስዎን ሊቀብር እየሮጠ ሄዷል።»

ስለ ሕመሙ የመጨረሻውን ወሬ የሰማሁት የዚያን ሐሙስ ነው።