ሰላም ሳይሏት የማትሠራዋ ሳጥን

ያቺን ስታቢላይዘር ከሳሎን አውጥቼ ለጥበቃው የሰጠሁት ተበላሽታ እንዳይመስልህ። ደህና ነበረች። መብራቱ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ግን ሆዷ ውስጥ «ቀጭ» ትላለች፤ እኔም ያንን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን እነግርሃለሁ ብዬህ አልነበር? ይኸው።

ቀጭ የምትለው ሪሌ የምትባል ነገር ናት። ከክብሪት ቀፎ አትበልጥም፤ ትንሽ ኤሌክትሪክ ሲደርሳት ትልቁን መስመር ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ድምፅዋን መጀመሪያ የሰማሁት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን፣ የአባቴ ኮት በተሰቀለበት ክፍል ውስጥ ነው። ኮቱ ሁልጊዜ ግሪስና እርጥብ ድንጋይ ይሸት ነበር።

አባቴ የመንደሩ የውሃ ሞተር ተቆጣጣሪ ነበር። ምንጩ ገደሉ ሥር ነው፤ እኛ አናቱ ላይ። በየማለዳው ሱብሂ ሰግዶ ዱላውን ይዞ ይወርዳል፤ ሞተሩን ያስነሳል፤ ላይ ያለው ሮቶ እስኪሞላ ይጠብቅና አጥፍቶ ይወጣል። መውረዱ ባልከፋ። የሚከፋው ወርዶ መብራት ሲያጣ ነበር። እዚያው ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ይውልና ባዶውን ይመለሳል፤ ቦኖው ጋ ጀሪካን የደረደሩት ሴቶች ደግሞ ጥፋቱ የእሱ ይመስል ያጉረመርሙበታል። በክረምት መንገዱ እንደ ሳሙና ያሙለጨልጫል። ማታ እናቴ ጉልበቱን በሞቀ ጨው ስትተኩሰው ጥርሱን ሲነክስ አሁንም ይታየኛል።

ሞተሩን ከሩቅ የምታስነሳ ሳጥን የሠራሁት ያንን ጉልበት ለማሳረፍ ነው። ሌላ ዓላማ አልነበረኝም፤ ሽልማትም አላሰብኩ፣ ዝናም አላሰብኩ። የፊዚክስ አስተማሪዬ አዲስ አበባ ሄዶ ሲመለስ ሲም ካርድ የምትጎርስ ሰሌዳና አንዲት ማይክሮኮንትሮለር አመጣልኝ፤ ጥፍር የምታክል፣ ያስተማሯትን ብቻ የምታስብ አንጎል በላት። ባትሪዎቹን ከተጣለ ላፕቶፕ ነቀልኳቸው። መብራት ቢጠፋም ሳጥኗ ሞተሩ አጠገብ በባትሪዋ ነቅታ ትጠብቃለች። የጽሑፍ መልእክት ሲደርሳት መስመሩን ታያለች፤ መብራት ካለ ሪሌዋ ቀጭ ትልና ሞተሩ ይነሳል፤ ከሌለ «መብራት የለም» ብላ ትመልሳለች። አባቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አንድ ቁጥር መላክ ብቻ ነበረበት፤ ለማስነሳት 1፣ ለማጥፋት 0።

በመጀመሪያው ጠዋት አባቴ ላከ፤ ዝም። ደግሞ ላከ፤ ዝም። ተያይዘን ወረድን። ሳጥኗ ምንም አልሆነችም። ሞባይሉን ተቀብዬ የላከውን ሳየው፣ ያቺ ሞባይል የኛን ፊደል ስለማታውቅ፣ በፈረንጅ ፊደል «ሰላም 1» ይላል። ለካ የእንግሊዝኛ መጽሐፌን ገልጦ አምስቷን ፊደል ለብቻው ሲለማመድ ሰንብቷል።

«አባባ፣ ቁጥሯን ብቻ ላክ አላልኩህም?»

«ምነው ልጄ፣ እንደ አህያ ቼ ልበላት? ሰላም ሳይሉ ሥራ ማዘዝ ከየት የመጣ ነው? ወላሂ እጄም እሺ አይለኝ።»

እኛ አገር እንዲህ ነው። ገበያ ላይ ጨው የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ የልጁን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን ደህንነት ጠይቆ ነው ወደ ጨው የሚመጣው። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ሳይቀሩ ቤታችን ሲገቡ «አሰላሙ አለይኩም» ይሉ ነበር። እኔ ግን ተናደድኩ፤ ማሽን እኮ ናት፣ ጆሮ የላትም፣ ነፍስ የላትም ብዬ ተሟገትኩት። ስንመለስ አባቴ ዳገቱ መሀል ድንጋይ ላይ አረፍ ብሎ ትንፋሹን ሰበሰበ።

«ሰላም ማለት ሱና ነው፤ መመለስ ግን ግዴታ ነው» አለኝ። «ያንቺ ሳጥን ግዴታዋን አታውቅም። አስተምሪያት።»

አስተማርኳት። ከዚያ ወዲያ ሰላም ያላላትን ሰው ቁጥር አትሰማም፤ ሰላም ላላት ግን «ወአለይኩም ሰላም» ብላ ነው ሥራ የምትጀምረው። መልሱ የመጣለት ቀን አባቴ ጮክ ብሎ አነበበው፤ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ ከገደሉ ሥር የሞተሩ ጉርምርምታ ተሰማ፤ ቀጥሎ ውሃው ባዶውን ሮቶ መደብደብ ጀመረ። በዚያ ጠዋት እግሩን ዘርግቶ ፀሐይ ሲሞቅ አየሁት። በሥራ ቀን እንዲህ ሲቀመጥ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም።

ከዚያ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰዎች ወሬዋን ሰምተው መጡ። ዘመኑን ታውቀዋለህ፤ ስብሰባው የበዛበት፣ ዶሮ እንኳ ብትፈለፍል ልማታዊ የምትባልበት። መኪናቸውን ደጃችን አቆሙና ገቡ። ሰላም የለ፣ እንዴት አደራችሁ የለ። «የታለች ማሽኗ?» አለ ኃላፊው፣ መነጽሩን ሳያወልቅ። አባቴ ግን ተነስቶ «መርሃባ፣ ኑ፣ አረፍ በሉ» አላቸው። አላረፉም። ደሴ የፈጠራ ሥራ ኤግዚቢሽን አለ፤ ለጥቂት ቀን ወስደን እንመልሳለን አሉ። እኔም ልሂድ ብል «መኪናው ሞልቷል» ተባልኩ። የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠው የኃላፊው ካፖርት ነበር። ካፖርት! የሠራኋት እኔ ቀርቼ ካፖርቱ ተሳፍሮ ሄደ።

ደሴ ላይ የሆነውን የነገረኝ አስተማሪዬ ነው፤ በራሱ ወጪ ተሳፍሮ ሄዶ ነበር። ሳጥኗ ላይ አምፖል ገጠሙላት። ኃላፊው እንግዶቹ ፊት ቆሞ፣ ስለ እኔ አንድ ቃል ሳይተነፍስ፣ መሥሪያ ቤቱ ስላፈራው ቴክኖሎጂ ዲስኩሩን አወረደው። ከዚያ ሞባይሉን አውጥቶ 1 ላከ። አምፖሉ አልበራም። ደግሞ ላከ። አልበራም። ላብ አጠመቀው። አስተማሪዬ ጠጋ ብሎ «ሰላም ይበሏት፣ ካልሆነ አትሠራም» ቢለው አጠገቡ የነበሩት ሰምተው ሳቁ።

«እኔ? ለሳጥን ሰላም ልበል?» አለ።

ለሳጥን ብቻ ቢሆንማ! ለአባቴስ መች አለና። ሳጥኗን ከጠረጴዛው አስነሳት፤ እዚያው ደሴ ቢሮው ወስዶ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈባት። እንድትመለስልን ደሴ ድረስ ሄደን ስንለምን ዛሬ ቁልፉን የያዘው ሰው የለም፣ ነገ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ይሉናል። ለአባቴ ወንበር እንኳ ያቀረበለት አልነበረም፤ በዚያ ጉልበቱ ኮሪደር ላይ ቆሞ፣ ላለፈ ላገደመው ሰላም ሲል ይውል ነበር። ሌላ ለምን አልሠራሽም ትለኝ ይሆናል። በምን? አስተማሪዬ ወዲያው ተዛወረ፤ ያቺን ሰሌዳም ደሴ ድረስ አስፈልጌ አጣኋት።

አባቴ ገደሉን እንደ ድሮው መውረድ ጀመረ። ግን ከመውረዱ በፊት ደጃፉ ላይ ቆሞ መልእክቱን ይልክላት ነበር። መመለሻ እንዳታጣ ከራሱ የሞባይል ሂሳብ ላይ እየቀነሰ ያስተላልፍላታል። እሷም ደሴ ቁም ሳጥን ውስጥ እንደተቆለፈች፣ በባትሪዋ፣ ትመልስለታለች፤ «ወአለይኩም ሰላም። መብራት የለም።»

«እውነቷን ነው» ይላል አባቴ፤ «እነሱ ዘንድ መብራት የለም።» ከዚያ ዱላውን ያነሳል።

አንድ ጠዋት መልስ አልመጣም። ባትሪዋ ማለቁ ነበር። ሞባይሉን መዳፉ ላይ አድርጎ፣ ጤዛው እስኪረግፍ ድረስ ደጃፉ ላይ ቆመ። «ደከማት መሰለኝ» አለና ወረደ።

ክረምቱ ሲገባ ያ የሚያሙለጨልጭ መንገድ ጣለው። ጎረቤቶቻችን በዝናብ በቃሬዛ ተሸክመው አወጡት። ዳሌው ተሰብሮ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ አባቴም ከደጃፉ ርቆ ሄዶ አያውቅም። ሰዎች «የአላህ ሥራ ነው» ሲሉ እሱም «አልሃምዱሊላህ» ይል ነበር። እኔ አላልኩም፤ ዛሬም አልልም። አባቴን የሰበረው የዚያ ሰውዬ ኩራት ነው።

አባቴ ካለፈ በኋላ እናቴ ያቺን ሞባይል ሰጠችኝ። ቁልፎቿ ተፍቀዋል፤ የኮቱ ሽታ አለቀቃትም። የላካቸውን መልእክቶች ከፈትኩ። «ሰላም 1»፣ «ሰላም 0»፣ «ሰላም 1»። ከወደቀ በኋላ የላካቸው ላይ ግን ቁጥር የለም። የሚያስነሳው ሞተር አልነበረውማ። በየጠዋቱ የላከላት «ሰላም» ብቻ ነው።

እናቴን ጠየቅኳት።

«ተው ስለው ‹ብቻዋን ናት እዚያ› ይለኝ ነበር» አለች።

የፈረደባት ሳጥን ባትሪዋ አልቋል፤ እሷን ማንም አይከሳት። እዚያ ቢሮ ውስጥ ግን በየቀኑ እየገባ የሚወጣ ስንት ሰው ነበር። መመለስ ግዴታ ነው ብሎኝ ነበር አባቴ፤ አንዳቸውም አልመለሱለትም።