ከአባዬ ወንበር ፊት ያቆምኩት ፎቅ

አባዬ ስትሮክ መትቶት ከሆስፒታል የወጣ ሰሞን ፊዚዮቴራፒስቷ እቅጩን ነገረችን፤ እግሩ አቅም አለው፣ ራሱ ለመነሳት ካልሞከረ ግን ያለውም ይጠፋል። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረ ሰው ነው፤ በሰው ፊት ተንገዳግዶ ከመታየት ሞቱን ይመርጣል። "በልጅነቴ አንዴ ቆሜ ሄጃለሁ፤ አሁን ደግሞ ከሀ ሁ ልጀምር?" ብሎ ከወንበሩ ንቅንቅ አልል አለ። እማዬ ለመነችው፣ የቤተክርስቲያን ሽማግሌዎች መጥተው ጸለዩለት፣ እኔ ተቆጣሁ። ወይ ፍንክች!

ሥራዬ እዚሁ ሶዶ ውስጥ የሕንፃ ዲዛይን ነው። ወለሎቻቸው ወደ መንገድ ወጣ ወጣ ያሉትን ዘመናዊ ፎቆች እወዳለሁ፤ አባዬ ግን "መሳቢያው ያልተዘጋ ቁምሳጥን" ይላቸዋል። እልህ ያዘኝና ያንኑ ቁምሳጥን መጫወቻ አድርጌ ሠራሁለት። የሰው ቁመት ያለው የኮምፔንሳቶ ፎቅ ነው፤ ሞተሮቹን ከተጣለ ፕሪንተር ፈታሁ፣ አናቱ ላይ እጅ ሲጠጋው የሚያውቅ ሴንሰር ገጠምኩ፣ የወላይታ ባህል ልብስ የሆነውን የዱንጉዛን ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ቀባሁት። አናቱን ለመንካት ብድግ ሲል ወለሎቹ እንደ መሳቢያ ይወጡለታል፣ በጨዋታ አታልዬ አስነሳዋለሁ ብዬ ነበር።

አባዬ ዞር ብሎም አላየው። ተናድጄ እኔው እጄን አናቱ ላይ አስጠጋሁ። ለካ ክብደቱን በደንብ አላሰላሁትም፤ ወለሎቹ በሙሉ ወደ አባዬ በኩል ሲወጡ ፎቁ ከነቁመቱ ቀስ ብሎ ወደ ፊት ዘመመ፣ ከሥሩ ያሰርኩት የሽቦ ሞላ ደግሞ መልሶ ቀጥ አደረገው። እጅ የነሳ ነው የሚመስለው።

አባዬ ሰው ጎንበስ ብሎ ሰላም ሲለው ተቀምጦ መልሶ አያውቅም፤ እኛንም ያሳደገን እንደዚያ ነው። ሳያስበው የወንበሩን መደገፊያ ይዞ ከመቀመጫው ተነሳ። ወገቡ ሳይቃና በወላይትኛ "ሳሮ" ብሎ ለፎቁ ሰላምታውን መለሰ። ከዚያ ያደረገው ነገር ገባውና ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። እማዬ በሻርፗ አፏን ይዛ አለቀሰች። እኔም ተመስገን አልኩ። ስንት ሕንፃ ነድፌያለሁ፣ እንደዚያ ዘማማ ሥራዬ ደስ ያሰኘኝ የለም።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ቢሮ ልወጣ ስል ጠራኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣

"ያንን ፎቅሽን ወደዚህ አቅርቢው" አለኝ። "ትናንት በደንብ አልተነሳሁለትም።"